የበዓሉ ጌጥ አልፎ ሕመሙ እንዳይቀር



«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው የአበው ብሂል ጌጥና በዓል በሀገራችን ምን ያህል የተሳሰሩ እንደሆኑ በአጭሩ ያስረዳል። የከተራ ዕለት በየቤቱ የሚታየው ሽር ጉድ የታወቀ ነው። ነጩ ልብስ ከሣጥን ይወጣል፤ ሹሩባ ይሠራል፤ ሕፃናት ገላቸውን ታጥበው አዲሱን ጫማ ይለካሉ። በደጋው ክፍል ደግሞ እናቶችና ልጃገረዶች የእንሶስላ ሥር ወቅጠው በመዳፋቸውና በእግራቸው ላይ በማሰር ያድራሉ፤ በማግሥቱ የቀላ እጅና እግር ይዘው ወደ በዓሉ ይወጣሉ። ይህ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የመጣ መልካም ልማድ ነው። ስለዚህ በዛሬው የበዓል ገጻችን የምናነሣው ቁም ነገር ጌጥን ለመንቀፍ፣ የሕፃናትንም ደስታ ለማደብዘዝ የታሰበ አለመሆኑን አስቀድመን መግለጽ እንወዳለን። የምንናገረው በጌጥ ስም ተሸፍኖ ወደ ሕፃናት ገላ ስለሚገባ አንድ ጎጂ ኬሚካል ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በከተሞቻችን የእጅና የእግር ማስዋቢያው ዓይነት እየበዛ መጥቷል። በየውበት ሳሎኑ፣ በየሠርግ ቤቱና በየመዝናኛ ሥፍራው ሂና መቀባት የተለመደ ሆኗል። በሾጣጣ ማሸጊያ የተሞላ ሂና ከዓረብ ሀገር በሚመለሱ ወገኖቻችን ሻንጣ ይመጣል፤ በሱቅም ይሸጣል። ከእነዚህም መካከል «ጥቁር ሂና» ወይም «ጊዜያዊ ንቅሳት» በሚል ስም የሚታወቅ አንድ ዓይነት አለ። በግማሽ ሰዓት ወይም በአንድ ሰዓት ውስጥ በቆዳ ላይ ድቅድቅ ያለ ጥቁር ሥዕል ያወጣል። ሕፃናት ይህን ሲያዩ አበባ ወይም ቢራቢሮ፣ አንዳንዴም መስቀል እንዲሣልላቸው ይጠይቃሉ። ወላጆችም መርፌ የለበትም፣ ደም አይፈስበትም፣ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ታጥቦ ይጠፋል በሚል እሳቤ ይፈቅዳሉ።

«ጊዜያዊ» የሚለው ቃል ግን እውነት የሚሆነው ለሥዕሉ ብቻ ነው። ሥዕሉ በሦስት ሳምንት ይጠፋ ይሆናል። ሥዕሉን ያጠቆረው ኬሚካል በሕፃኑ ሰውነት ውስጥ ጥሎት የሚሄደው ቁጣ ግን ዕድሜ ልክ ሊዘልቅ ይችላል። የዛሬው ርእሰ አንቀጻችን ፍሬ ነገር ይህ ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ በመጀመሪያ ጥፋተኛውን ከንጹሑ መለየት ይገባል። እንሶስላ በሳይንሳዊ ስሙ ኢምፓሺየንስ ቲንክቶሪያ ይባላል። የሁለተኛው ስም ትርጉም ማቅለሚያ ማለት ሲሆን፣ ተክሉ እርጥበትና ጥላ ባለበት የደጋ ሥፍራ ይበቅላል። ሂና ደግሞ ላውሶንያ ኢነርሚስ ከተባለ ቁጥቋጦ ቅጠል ይዘጋጃል። በሐረር፣ በድሬዳዋና በሶማሌ አካባቢ በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ በሠርግና በበዓል ጊዜ የከበረ ቦታ አለው። በመኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን የዕብራይስጥ ንባብ ውስጥ ኮፈር ተብሎ የተጠቀሰው ተክል ሂና መሆኑን አብዛኞቹ ሊቃውንት ይቀበላሉ። ይህን የምናነሣው ጉዳዩ የእነ እገሌ ባህል፣ የእነ እገሌ እምነት ወደሚል ክርክር እንዳይወስደን ነው። ከቅጠሉ ብቻ የተዘጋጀ ንጹሕ ሂና በቆዳ ላይ አለርጂ የሚያስነሣው እጅግ አልፎ አልፎ ነው።

የእነዚህ ተክሎች ዋናው ጠባይ ትዕግሥት መጠየቃቸው ነው። በሂና ቅጠል ውስጥ ላውሶን የተባለ ማቅለሚያ ንጥረ ነገር አለ። ይህ ንጥረ ነገር ቀስ እያለ ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ጋር ይጣበቃል። ስለሆነም ሊጡ በቆዳ ላይ ለበርካታ ሰዓታት መቆየት፣ አንዳንዴም ማደር ይኖርበታል። ሲነሣ መጀመሪያ ብርቱካናማ ሆኖ ይታያል፤ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ቀይ ቡናማ ይጠቁራል። ንጹሕ ሂና በተቀባበት ሰዓት ድቅድቅ ጥቁር ሥዕል አያወጣም። እንግዲህ አንድ ቅብ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንደ ቀለም የሚጠቁር ከሆነ፣ ጥቁረቱ ከቅጠሉ ሳይሆን ከሌላ ነገር የመጣ መሆኑን መገመት ያሻል።

ያ ሌላ ነገር በአብዛኛው ፓራ-ፌኒሊንዳያሚን፣ በአጭሩ ፒ.ፒ.ዲ. የተባለ ኬሚካል ነው። ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ጸጉር ለማጥቆር ሲያገለግል የቆየ ሲሆን፣ ዛሬም በበርካታ ጥቁር የጸጉር ቀለሞች ውስጥ ይገኛል። ለጸጉር ሲውል እንኳ ብርቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት ለጸጉር በሚውለው ዝግጁ ቀለም ውስጥ የሚገኘው መጠን ከ2 በመቶ መብለጥ የለበትም። ከዚህም በላይ በማሸጊያው ላይ ምርቱ ከ16 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች እንዳልተዘጋጀ፣ የጥቁር ሂና ጊዜያዊ ንቅሳትም የአለርጂን አደጋ ሊጨምር እንደሚችል የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ሕጉ ያስገድዳል። በአሜሪካም የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሂናን ለጸጉር ማቅለሚያነት እንጂ በቀጥታ በቆዳ ላይ እንዲቀባ አልፈቀደም።

በቆዳ ላይ በሚሣለው ጥቁር ሂና ውስጥ ግን መጠኑን የሚለካ የለም። ቀቢው ሥዕሉ ቶሎና ደምቆ እንዲወጣለት ይፈልጋል፤ ስለዚህ የጸጉር ማጥቆሪያውን ዱቄት እንደ መሰለው ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2010 በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የጥቁር ሂና ናሙናዎችን የመረመረ ጥናት ታትሞ ነበር። በናሙናዎቹ ውስጥ የተገኘው የፒ.ፒ.ዲ. መጠን ከ0.4 በመቶ እስከ 29.5 በመቶ ይደርስ እንደነበር ጥናቱ አመልክቷል። ከፍተኛው ቁጥር አውሮፓውያን ለአዋቂ ሰው ጸጉር ከፈቀዱት ጣሪያ ወደ 15 እጥፍ ይጠጋል። የጸጉር ቀለም ለአጭር ጊዜ ቆይቶ ይታጠባል፤ የሚያርፈውም በአብዛኛው ሕይወት በሌለው ጸጉር ላይ ነው። ጥቁር ሂና ግን በሕያው ቆዳ ላይ ተሥሎ እስኪደርቅ ድረስ ይተዋል። ወደ ባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ለሥራ የሚሄዱ እኅቶቻችን ብዙ እንደሆኑ፣ ሲመለሱም ለቤተሰብ ስጦታ ይዘው እንደሚመጡ ስናስብ ይህ ጉዳይ የሩቅ ሀገር ወሬ አለመሆኑን እንረዳለን።

ኬሚካሉ በሰውነት ላይ የሚያደርሰው ምንድን ነው? የሰው ገላ ባዕድ ነገርን የሚለይና የሚያስታውስ የመከላከያ ኃይል አለው። ፒ.ፒ.ዲ. ደግሞ ይህን ኃይል አጥብቀው ከሚያስቆጡ ኬሚካሎች አንዱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀባ በዚያው ዕለት ብዙውን ጊዜ ምንም ነገር አይታይም። በውስጥ ግን ሰውነት ኬሚካሉን እንደ ጠላት መዝግቦ ሊይዘው ይችላል። ቀለሙ ገና ከቆዳው ሳይለቅ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ቁጣው ሊነሣ ይችላል። ቀደም ሲል የተቆጣ ሰውነት ኬሚካሉን እንደገና ሲያገኝ ግን ቁጣው በ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ይፈነዳል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ውስጥ ጥቁር ሂና የተቀባች የ5 ዓመት ሕፃን ክንድ ክፉኛ የቀላው ከ2 ሳምንት ገደማ በኋላ እንደነበር ተጠቅሷል። ብዙ ወላጆች የልጃቸውን ሕመም ከበዓሉ ጌጥ ጋር ለማገናኘት የሚቸገሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው የጊዜ ርቀት ነው።

ምልክቱ በማሳከክ ይጀምራል። ቀጥሎም ቆዳው ይቀላል፣ ያብጣል፤ ሲብስም ውኃ ይቋጥራል፣ ይልጣል። ጉዳቱን ከሌላ የቆዳ ሕመም የሚለየው ቁስሉ ሥዕሉ ባለፈበት መስመር ተከትሎ መውጣቱ ነው። አበባ ከተሣለ ቁስሉ አበባ፣ ቢራቢሮ ከተሣለ ቢራቢሮ ይሆናል። ቁስሉ ከዳነ በኋላም የሥዕሉ ቅርጽ ነጥቶ ወይም ጠቁሮ ለወራት ሊቆይ ይችላል። እንደ እኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ ይህ የቀለም ለውጥ ጎልቶ ይታያል። በአንዳንዶቹም ላይ ያበጠ ጠባሳ ጥሎ የሚያልፍበት ጊዜ አለ።

ይሁንና ጠባሳው የነገሩ መጨረሻ አይደለም። አንድ ጊዜ ለፒ.ፒ.ዲ. የተቆጣ ሰውነት ቁጣውን ብዙውን ጊዜ ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ይኖራል። በ6 ዓመቷ ለበዓል እጇ ላይ አበባ የተሣለላት ልጅ በ30 ዓመቷ ጸጉሯን ልታጠቁር ብትሞክር የራስ ቅሏ ቆዳ ሊቆስል፣ ፊቷ ሊያብጥ፣ ዓይኗ ሊከደን ይችላል። የጸጉር ሥራን ሙያዋ ለማድረግ ብትመኝ እጇ ቀለሙን ስለማይችል እንጀራዋን ልታጣ ትችላለች። ከዚህም ሌላ ኬሚካሉ ብዙ ዘመዶች አሉት። በአንዳንድ ጥቁር የጨርቅ ቀለሞችና የጎማ ውጤቶች፣ እንደ ቤንዞኬይን ባሉ የማደንዘዣ ቅባቶች፣ እንዲሁም ሰልፋ በሚባሉ አንዳንድ መድኃኒቶች ላይ ቁጣው ሊሻገር የሚችልበት አጋጣሚ አለ። የአሜሪካ የንክኪ ቆዳ ሕመም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2006 ፒ.ፒ.ዲ.ን የዓመቱ ዋና አለርጂ አስነሺ ብሎ መሰየሙ ለጉዳዩ የተሰጠውን ክብደት ያሳያል።

ጉዳዩን የበለጠ አሳሳቢ የሚያደርገው ተጎጂዎቹ ሕፃናት መሆናቸው ነው። አዋቂ ሰው ዐውቆም ሆነ ሳያውቅ በገዛ ገላው ላይ ይወስናል። ሕፃን ግን የሚያየው የሥዕሉን ውበት ብቻ ነው። ስለ ነገ ጸጉሯ፣ ስለ ነገ ሙያዋ፣ ስለ ነገ ሕክምናዋ ልታስብ አትችልም፤ ስለ እርሷ ማሰብ የወላጅ ድርሻ ነው። በ40ና በ80 ቀናቸው አቅፈን ወስደን በቅዱስ ሜሮን ያስከበርነውን የልጆቻችንን ገላ፣ ምንነቱን ላልጠየቅነው ቀለም አሳልፈን መስጠት አይገባንም።

ከጎረቤታችን ከሱዳን የተገኘው ትምህርትም ሊዘነጋ አይገባም። በዚያች ሀገር ሂናን ቶሎ ለማጥቆር ከፒ.ፒ.ዲ. ጋር መቀላቀል የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በካርቱም የነበሩ ሐኪሞች በሂናና በዚህ ኬሚካል ድብልቅ ስለተመረዙ ሕፃናት በሕክምና መጽሔት ላይ ዘገባ አውጥተዋል። ፊታቸውና አንገታቸው አብጦ መተንፈስ የተሳናቸው ነበሩ፤ የሞቱም ነበሩ። እንዲህ ያለው መመረዝ በቆዳ ላይ ከሚወጣው አለርጂ የተለየና እጅግ የከፋ ነው፤ በተለይም ኬሚካሉ በአፍ ሲገባ ያስከትላል። ስለሆነም የጸጉር ማጥቆሪያ ዱቄት በቤት ውስጥ የሚገኝ ከሆነ ሕፃናት በማይደርሱበት ሥፍራ ተቆልፎ መቀመጥ ይኖርበታል። የታሸገበት ዕቃም ከምግብና ከቅመም ጋር መቀላቀል የለበትም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከወላጆች ዘንድ የሚነሡ ጥቂት መከራከሪያዎች አሉ። የመጀመሪያው «ልጄ ባለፈው ዓመት ተቀብታ ምንም አልሆነችም» የሚል ነው። ከላይ እንደገለጽነው የመጀመሪያው ቅብ በሰላም ማለፉ ለሁለተኛው ዋስትና አይሆንም፤ እንዲያውም ሰውነት ጠላቱን የሚመዘግበው በዚያ በሰላም ባለፈው ቅብ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው «በትንሹ ቀብተን ሞክረነዋል» የሚል ነው። ይህም ልጅቱ በዚያ ሰዓት አለመቆጣቷን ቢያሳይ እንጂ ወደፊት እንደማትቆጣ አያረጋግጥም፤ ሙከራው ራሱም ቁጣውን ሊያስጀምር ይችላል። ሦስተኛው «ሻጩ ተፈጥሯዊ ነው ብሎናል» የሚል ነው። ብዙ ሻጮችና ቀቢዎች በማሸጊያው ውስጥ ያለውን ነገር እነርሱም አያውቁም። በክፋት ያደርጉታል ብለን አንከስሳቸውም፤ ይሁን እንጂ አለማወቃቸው የሕፃኑን ቆዳ ከመቁሰል አያድነውም።

እንግዲህ ወላጅ በምን ይለይ? ምልክቶቹ አስቸጋሪ አይደሉም። ቀቢዋ «በግማሽ ሰዓት ይደርቃል፣ ወዲያው ይጠቁራል» ካለች ይህ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። ሊጡ አረንጓዴ ወይም ቡናማ መሆኑ ቀርቶ እንደ ቀለም የጠቆረ ከሆነ፣ የቤንዚን ወይም የጸጉር ቀለም ሽታ ካለው፣ በማሸጊያውም ላይ ስለ ይዘቱ የተጻፈ ነገር ከሌለ ልጅን ይዞ መመለስ ይበጃል። «ከምን ተሠራ? ስንት ሰዓት መቆየት አለበት? መጀመሪያ ሲነሣ ምን ዓይነት ቀለም አለው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። መልሱ ካላረካ እምቢ ማለትም ነውር አይደለም። በሠርግም ሆነ በበዓል ጊዜ ዘመድ እንዳይቀየም ተብሎ ዝም የሚባልበት ልማድ እንዳለ እናውቃለን። የዘመድ ቅያሜ ግን በአንድ ቡና ይታረቃል።

ይህ ሁሉ ተነግሮ አደጋው ቢደርስስ? ልጅ ጥቁር ሂና እንደተቀባ የታወቀው ወዲያው ከሆነ ቦታውን በሳሙናና በብዙ ውኃ ማጠብ ይገባል። ማሳከክና መቅላት ከጀመረም ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው። ሐኪም ቁጣውን የሚያበርድ ቅባት ወይም ሌላ መድኃኒት ያዝዛል። ውኃ የቋጠረውን ማፍረጥ፣ በቁስሉ ላይ ቅቤ፣ አመድ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት ቁስሉን ለሌላ ተሐዋሲ ያጋልጠዋል። ቁስሉ መግል ከያዘ፣ ልጅ ካተኮሰው፣ በተለይም ፊት ካበጠና መተንፈስ ካስቸገረ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይባክን ወደ ድንገተኛ ሕክምና መድረስ ያስፈልጋል። ከተቻለም የተቀባውን ነገር ማሸጊያ ይዞ መሄድ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል። በአዲስ አበባ የሚገኘው የአለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ስለሆነ ለከበደው ሕመም ሐኪሞች ወደዚያ ሊልኩ ይችላሉ።

ከዳነ በኋላም የወላጅ ሥራ አያበቃም። ልጅ ለጥቁር ሂና እንደተቆጣ በጤና ካርዱ ላይ ማስጻፍ፣ ሲያድግም ለራሱ መንገር ይገባል። ጸጉሩን ከማቅለሙ አስቀድሞ ሐኪም እንዲያማክር፣ ለጥርስም ሆነ ለሌላ ሕክምና በሄደ ቁጥር አስቀድሞ እንዲናገር ማስተማር ያስፈልጋል። ብዙ አዋቂዎች ጸጉራቸውን ሲያቀልሙ የሚደርስባቸውን ብርቱ ቁጣ ምንጭ የማያውቁት በልጅነታቸው የተቀቡትን ስለረሱት ወይም የነገራቸው ስለሌለ ሊሆን ይችላል።

ስለ ንጹሑ ሂናም አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ ተገቢ አይሆንም። በደማቸው ቀይ ሕዋሳት ውስጥ ጂ.ሲክስ.ፒ.ዲ. የተባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሕፃናት አሉ። በእነዚህ ላይ ንጹሕ ሂና ራሱ ቀይ ሕዋሳታቸውን ሊያፈርስና ለደም ማነስ ሊዳርጋቸው እንደሚችል በሕክምና ተመዝግቧል። ጉድለቱ ያለበት ቤተሰብ አስቀድሞ ሳያውቀው ሊኖር ስለሚችል፣ ጨቅላ ሕፃናትን ምንም ዓይነት ሂና አለመቀባት የተሻለ ነው። እንሶስላም ቢሆን በቆሰለ ወይም ሽፍታ ባለበት ቆዳ ላይ መታሰር የለበትም፤ ሥሩም ከአፈር ጸድቶ፣ በንጹሕ ዕቃ መወቀጥ ይኖርበታል።

ኃላፊነቱን በወላጅ ትከሻ ላይ ብቻ መጫን ግን ፍትሐዊ አይሆንም። የውበት ሳሎን ባለቤቶች ጥቁር ሂናን ከአገልግሎታቸው እንዲያወጡ፣ የጸጉር ቀለምንም በማናቸውም ምክንያት በሕፃን ቆዳ ላይ እንዳያውሉ እናሳስባለን። በሙያቸው ከሁሉ በፊት የሚጎዳው የራሳቸው እጅ መሆኑንም ሊያስቡ ይገባል። አስመጪዎችና ነጋዴዎች ይዘቱ ያልተጻፈበትን ዕቃ ከመደርደሪያቸው ያንሡ። የውበት መጠበቂያ ምርቶችን የመቆጣጠር ሥልጣን የተሰጠው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በተለይ ከበዓላትና ከሠርግ ወራት አስቀድሞ በገበያው ላይ ዓይኑን እንዲጥል፣ ስለ ጉዳዩም ሕዝቡን በግልጽ ቋንቋ እንዲያስተምር እንጠይቃለን። መምህራን በየክፍላቸው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ ጉብኝታቸው፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮችም ሕፃናቱን ለበዓል ሲያዘጋጁ ሁለት ደቂቃ ቢወስዱ ብዙ ቁስል ይቀራል። በውጭ ሀገር የምትኖሩ ወገኖቻችንም ለታናናሽ እኅቶቻችሁና ለልጆቻችሁ ስጦታ ስትልኩ ምን እንደላካችሁ ለማወቅ ማሸጊያውን አንብቡት።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላል የሀገራችን ሰው። በዚህ ጉዳይ ላይ ጉዳቱን የወለደው ችኮላ ነው። የቅጠሉና የሥሩ ማቅለሚያ ሌሊቱን ስለሚፈልግ፣ ሌሊቱን የማይጠብቅ ሰው ኬሚካል ጨመረበት። እናቶቻችን ግን በከተራ ሌሊት የልጆቻቸውን እጅ በእንሶስላ አስረው ሲያስተኙ ጌጡን ብቻ አልሰጧቸውም። እስኪነጋ መጠበቅን፣ ሲነጋም የቀላውን መዳፍ ለወንድምና ለእኅት አሳይቶ መደሰትን አብረው ሰጥተዋቸዋል። ያ ሌሊት የጌጡ ክፍል ነበር።

ስለሆነም በዚህ በዓል የልጆቻችንን እጅ ማስጌጥ የምንወድ ሁሉ ጊዜ የሚጠይቀውን፣ ምንነቱን የምናውቀውንና ጉዳት የሌለበትን እንምረጥ። ጊዜ ያጠረን እንደሆነም ታጥቦ የጸዳ እጅና ነጭ ልብስ ለጥምቀት በቂ ጌጥ ነው። ወደ ታቦቱ ማደሪያ እጃቸውን ይዘን የምንወስዳቸው ሕፃናት ከበዓሉ በኋላ የሚቀርላቸው ትዝታ የዝማሬው፣ የእልልታውና የጠበሉ እንጂ የቁስል እንዳይሆን ሁላችንም የየድርሻችንን እንወጣ እንላለን።

መልካም የጥምቀት በዓል!